ሂያጅ አይቀጣም

ግንቦት 11 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ መርሳ

ከወልድያ ሁለት መዝገብ፣ አንድ የብረት ሳጥን ከነቁልፉና አንድ እሽግ ወረቀት በአውቶቡስ መጣልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የወረዳ ጸሐፊ ብቻ አይደለሁም፤ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊም ሆኛለሁ። አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ከዕቃው ጋር አጭር ደብዳቤ ልከዋል። «ለፓርላማው ምርጫ ሦስት መቶ ሰው መዝግብ። ከተመዘገበው እኩሌታው እንኳ ወጥቶ ድምፅ ከሰጠ፣ እዚህ ወልድያ የተከፈተውን ቦታ ላንተ አደርገዋለሁ። ካልሆነ ግን ቆላ የሚወርድ ጸሐፊ እየተፈለገ ነው።»

ወልድያ ማለት ገነት ማለት ነው። ሚስቴ ናት። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሞላን፤ እሷ እዚያ እናቷ ቤት በስፌት መኪናዋ ትተዳደራለች፣ እኔ እዚህ እትዬ ውባለም ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አለሁ። ለጊዜው ነው። መርሳ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ሻንጣዬን አንድም ቀን ጨርሼ አልፈታሁትም። የሚያስፈልገኝን አወጣና መልሼ በገመድ አስረዋለሁ። እትዬ ውባለም ቤት ለመጥረግ በገባች ቁጥር ሻንጣውን አይታ ከንፈሯን ትመጣለች።

ለሌላው ምሳሌ ይሁን ብዬ ተራ ቁጥር አንድ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ፈንታው። የእጅ ጽሕፈቴ መቼም ያምራል።

ግንቦት 14

ጣቢያው መንገድ ዳር ያለው የሲራጅ የእህል መጋዘን ሆነ። ሲራጅ ነጋዴ ነው፤ መጋዘኑን ያለ ኪራይ ሰጠኝ። የሦስቱን ዕጩዎች ምልክት በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ጃንጥላ፣ ፋኖስ፣ ማረሻ። አንዲት ሴትዮ ሥዕሉን ትክ ብለው አይተው፣ «ጃንጥላውን ከመረጥኩ ጃንጥላው መቼ ነው የሚሰጠኝ?» አሉኝ። አይሰጥም ብዬ ሕጉን ብዘረዝርላቸው፣ «እንግዲያ ምኑን መረጥኩት?» ብለው ሄዱ።

የተመዘገበ ዘጠኝ።

ግንቦት 19

በጣም ተናድጃለሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፎልኝ ነበር። አንዱን ስሙን ጠይቄ «አሊ» ብዬ ጽፌ የአባቱን ስም ልጠይቅ ቀና ስል ከወዲያ ኮረብታው ላይ ጥሩንባ ተነፋ። ሰው የለም። አሊም የለም። መጋዘኑ ውስጥ እኔና የጠፋች ዶሮ ብቻ ቀረን።

ነገሩ ቅሬ ነው። ቅሬ እዚህ አገር የቀብር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሞላ የሚባል ግዙፍ ሰው ጥሩንባ ሲነፋ የሚያርሰው በሬውን ፈትቶ፣ የተኛ ተነሥቶ፣ አካፋ ይዞ ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። መንግሥት በአዋጅ ያላወጣውን ሰው ሞላ በአንድ ትንፋሽ ያወጣዋል። ይህን ለአቶ ደሳለኝ ሪፖርት ላይ መጻፍ ይገባኝ ይሆን?

እኔ ሂያጅ ስለሆንኩ አልገባሁበትም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለቀብር አልወጣም ብሎ አንድ ሰው ከሶኝ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሼህ ሙሄዲን ናቸው፤ «ተዉት፣ ሂያጅ አይቀጣም» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ለገነት ጻፍኩላት። ያስቃታል ብዬ ነበር፤ በመልሷ ላይ ስለሱ አንድም ቃል አላነሣችም።

ግንቦት 21

መውሊድ። ማንም የለም። መንዙማው እስከዚህ ይሰማል። ሲራጅ ዳቦና ማር ላከልኝ። ማሩ ጥሩ ነው።

ግንቦት 25

ሲራጅ ሱቅ ክብሪት ልገዛ ገብቼ ሁለት ሰዎች ከጆንያው ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። «ለሰው የማይወጣ፣ ለሱ ማን ይወጣል?» ይላል አንዱ። ሌላው፣ «እሱስ እውነት ነው፤ ብቻ ሰውየው ክፉ አይደለም» አለው። ሲያዩኝ ወሬያቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩት።

ስለ ፋኖሱ ዕጩ መሰለኝ የሚያወሩት። ሰውየው ኩሩ ነው ሲባል እኔም ሰምቻለሁ።

ግንቦት 28

የተመዘገበ ስልሳ ሦስት። ሰው ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ይስቅልኛል፣ ነገ እመጣለሁ ይለኛል። ነገ ግን አይመጣም። ምን በደልኳቸው? በማንም ላይ ክፉ ሠርቼ አላውቅም። በማንም ላይ ምንም ሠርቼ አላውቅም።

የገነት ደብዳቤ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ መጣ። «መቼ ትመጣለህ ማለት ሰልችቶኛል። እዚህ ስትመጣ ለሁለት ቀን ነህ፣ እዚያም ለጊዜው ነህ። ለመሆኑ የምትኖረው የት ነው?» ትላለች። አራት ገጽ መልስ ጻፍኩላት። ሦስቱ ገጽ ስለ ዝናቡ ነው።

ሰኔ 3

የሲራጅ እናት አረፉ። ወይዘሮ ሁሪያ ይባላሉ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መጋዘኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሲራጅ ዘንድ ነው፣ ሲራጅ ደግሞ ለቅሶ ላይ ነው። ሳጥኔም መዝገቤም ውስጥ ቀሩ። ምን ልሥራ? ተከትዬ ሄድኩ።

አንድ ሰው አካፋ አስያዘኝ። ቆፈርኩ። ከወገቤ በታች አፈር እስክሆን ቆፈርኩ። መሬቱ በዝናቡ ከላይ ለስልሷል፣ ከሥሩ ግን ድንጋይ ነው። ሼህ ሙሄዲን ከጉድጓዱ አፍ ቆመው እጄን አዩትና፣ «ብዕር የለመደ እጅ አፈር ሲይዝ ይልጣል። አብሽር፣ ይደድራል» አሉኝ።

ስንመለስ ሲራጅ እንዲህ አለኝ፦ «እንደመጣህ ሰሞን ወባ ጥሎህ ሳለ ጠዋት ጠዋት ወተት ይመጣልህ አልነበር? እናቴ ነበረች የምትልክልህ።» ወተቱን አስታውሰዋለሁ። እትዬ ውባለም የላከችው ይመስለኝ ነበር፤ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። የሴትዮዋን ስም ያወቅሁት ከቀበርኳቸው በኋላ ነው። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለኝም፣ አፈርኩ።

ሰኔ 4

አርባ ሰባት ሰው። በአንድ ቀን። አሊም መጥቶ የአባቱን ስም ነገረኝ።

ሰኔ 6

ሌላ ሠላሳ ስምንት። እጄ ስላበጠ ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፤ ማንም ቅር አላለው።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ዛሬ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሲቀበሩ ወጣሁ። ለሟቹ ነው የወጣሁት ወይስ ለመዝገቡ? መንገድ ላይ ስንት ሰው አብሮኝ እንዳለ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። ቀብር ላይ መራጭ የሚቆጥር ሰው ምን ይባላል?

ሰኔ 8

ሼህ ሙሄዲን ቤት ሄጄ ቅሬ ልግባ አልኳቸው። «ልትሄድ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«እስክሄድ ድረስ ነው፣ አባባ።»

«እስክሄድ የሚባል ቅሬ የለንም።» እጄን ገልብጠው አዩና፣ «ግድ የለም፣ ስትወጣ አይተንሃል። ጥሩንባ ስትሰማ ውጣ። ብትቀር ግን አትቀጣም፤ አንዱን እግርህን አውቶቡስ ላይ ያደረግህ ሰው ነህ» አሉኝ።

ከቅጣት ነፃ መሆኔ ጥሩ ነገር ነው። ለምን እንደከፋኝ አላውቅም።

ሰኔ 13

ምዝገባ አለቀ። ሦስት መቶ አርባ። ለአቶ ደሳለኝ ጻፍኩ፣ ለገነትም ጻፍኩ። ያረጀ ቢሆንም ዛሬ ጫማዬን ቀለም ቀባሁት።

ሰኔ 16

ድምፅ መስጠት ተጀመረ፤ እስከ ሰኔ 30 ነው። ዝናብ። አሥራ ሁለት ሰው።

ሰኔ 19

ዝናብ። በጠቅላላው ሠላሳ ስድስት። አሊን መንገድ ላይ ሞፈር ተሸክሞ አገኘሁትና ለምን አልመጣህም አልኩት። «ስማችሁን አስጽፉ ሲሉን ለርሶ ብለን አስጻፍን። መሬቱ ግን አሁን ካልታረሰ ለማንም ብሎ አይቆይም» አለኝ። ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ነው ያበሸቀኝ። ሐሳቡን ያወጣው ሰውዬ ምርጫን ሰኔ ላይ ሲያደርግ በሕይወቱ በሬ አይቶ ያውቃል?

ሰኔ 21

ሼህ ሙሄዲን ዘንድ ደግሜ ሄድኩ። ሞላ ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ብቻ ቢነፋልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

አልተቆጡም። «ልጄ፣ ጥሩንባው ለሞት ነው። ዛሬ ያለ ሞት ከተነፋ፣ ነገ በእውነት ሲነፋ ማን ይወጣል?» አሉኝ።

 ስወጣ ሞላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ሰምቷል። እስከ ቤቴ ሸኘኝ፤ በመንገዳችን ላይ ደጋግሞ ይተነፍሳል።

ሰኔ 25

አርባ አምስት። አቶ ደሳለኝ በሾፌሩ፣ «ቆላው ሙቀት አለው፣ ቀለል ያለ ልብስ አዘጋጅ» ብለው አስነገሩኝ። እየቀለዱ ነው አይባልም፤ ቀልድ አያውቁም።

ራሴን አመመኝ። በረደኝ።

ሰኔ 26

ወባ። ሦስት ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። ሞላ መጋዘኑ ውስጥ ከሳጥኑ አጠገብ አስተኝቶኛል፤ ከሳጥኑ አልለይም ብዬ። እትዬ ውባለም አጥሚት አመጣች። ሳጥኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ሰኔ 29

ሕያው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፣ ትናንት ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበርና።

ትናንት ሲነጋ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በላብ ተነክሬ ከእንቅልፌ ብነቃ ከደጅ ለቅሶ እሰማለሁ። አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እግሬ አልጸና ቢልም ጥሩንባ ከተነፋ መውጣት አለብኝ ብዬ ጋቢዬን ለበስኩ፣ ከግድግዳው ጥግ አካፋ አነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ የእትዬ ውባለምን ድምፅ ለየሁት። እሷ አልቃሽ መሆኗን አላውቅም ነበር።

«ስም ይጽፍ ነበረ ተቀምጦ ከደጁ፣
የሱን ስም ማን ጻፈው ብዕሩ ሳለ በጁ።»

ጎበዝ ናት አልኩ በልቤ፤ የሞተው ጸሐፊ መሆን አለበት። ቀጠለች።

«ሂያጅ ነኝ ሲል ከርሞ ሻንጣ እንዳሰረ፣
ሳይሄድም ሳይኖርም መርሳ መሬት ቀረ።»

አሁንም አልገባኝም። ትኩሳት ያደነቁራል። በሩን ከፍቼ ወጣሁና አጠገቤ ያገኘሁትን ሰው፣ «ማን ነው የሞተው?» አልኩት። አሊ ነበር። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

ግቢው፣ መንገዱ፣ እስከ ወንዙ መውረጃ ድረስ ሰው ነው። ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ አካፋው ተይዟል፣ ሴቱ ዓይኑ ቀልቷል። ሁሉም እኔን ያያል።  መጨረሻ ላይ እትዬ ውባለም ዓይኗን ጠረግ አድርጋ፣ «አንተ ልጅ፣ ጉሮሮዬን አደረቅኸው» አለች።

የሆነው እንዲህ ነው። ሌሊቱን ስቃዥ «ሳጥኑ ባዶ ነው፣ ሰው ጥሩልኝ» እያልኩ ሞላን ለምኜዋለሁ። ሞላ ይህን መስማት አልቻለም። ጎህ ሲቀድ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጥሩንባውን ነፋ። «ለምርጫ ነው» ብሎ ጮኾም ነበር፤ ቃሉን ዝናቡ በላው፣ ጥሩንባው ግን ውርጌሳ ድረስ ተሰማ። በወባ መውደቄን አገር ያውቃል። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ሼህ ሙሄዲን በሰዉ መካከል አልፈው መጡ። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከዚያ ወደ ሞላ ዞሩ። «ማን ንፋ አለህ?»

ያ ግዙፍ ሰው ጥሩንባውን ከጀርባው ደብቆ አንገቱን ደፋ። «ማንም አላለኝም። ከሞቱ ወዲያ ብንወጣላቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው። በሕይወት ሳሉ ይውጣላቸው ብዬ።»

ሼሁ፣ «ያንተ ቅጣት አይቀርም» አሉት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ቅሬ ወጥቶ ሥራ ሳይሠራ አይመለስም። አካፋችሁን ጣሉ። ጸሐፊው፣ ሳጥኑን አምጣ» አሉ።

በዚያው በለቅሶ ልብሳቸው ተሰለፉ። አልቅሳ የመጣች ሁሉ ወረቀቷን ስትወስድ አንድ ነገር ጣል ታደርግብኛለች። «ፊቴን የነጨሁበትን በምን ትከፍላለህ?» አለችኝ አንዲቱ። ሰው እየሳቀ መረጠ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ መዝገብ ላይ አቀርቅሬያለሁ፤ ቀና ካልኩ እንደማለቅስ አውቄ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሰልፉ በድንገት ወደ ጎን ተከፈለ። ጥቁር የለበሰች ሴት ፊቴ ቆማለች። ቀና ሳልል፣ «ስም?» አልኩ።

«የሟች ሚስት» አለች።

ገነት ናት። ጠዋት የሄደው አውቶቡስ ወሬውን ወልድያ አድርሶታል፤ የመርሳው ጸሐፊ አረፈ ተብሎ መናኸሪያው ሁሉ አውርቶታል። በእህል መኪና ተጭና መጣች። የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ ለሰው የሰፋችው፣ ጠርዙ ያልተቀመቀመ ነው። አንድ ጊዜ አየችኝ፣ ተንሰቀሰቀች፣ ከዚያ የያዘችውን ጃንጥላ ትከሻዬ ላይ ሰበረችው። ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው፣ «ጣቢያው ውስጥ ለጃንጥላ መቀስቀስ ክልክል ነው» አለ። ገነትም ሳቀች። ሦስት ዓመት እዚህ ስኖር እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ማታ ክፍሌ ገብታ ሻንጣዬን አየችው።  «ይህ ሁሉ ሰው ላንተ ነው የወጣው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ወልድያ ብትሞትስ ስንት ሰው ይወጣልሃል?» ቆጠርኩ። እሷ፣ እናቷ፣ የሥራ ቀን ካልሆነ ደግሞ አቶ ደሳለኝ።

ሰኔ 30

ተዘጋ። ከሦስት መቶ አርባው ሦስት መቶ ሠላሳ አንዱ መርጧል። ሳጥኑን ሞላ በጫንቃው ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ ጫነው።

ሐምሌ 4

አቶ ደሳለኝ ራሳቸው መጡ። ቁጥሩን አላመኑትም። «ሰኔ ላይ፣ በዚህ ዝናብ፣ ከመቶ ዘጠና ሰባት? የት አይተህ ነው? እጅህ አለበት» አሉኝ። መዝገቡን ከፍተው ምልክት የተደረገበትን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ወጡ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ፈንታው፣ አንተ አልመረጥክም?»

አየሁት። እውነትም አልመረጥኩም። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ፣ አጠገቡም ተኝቼ፣ አልመረጥኩም።

ቀልድ የማያውቁት ሰው ወንበሩ እስኪንቋቋ ሳቁ። «የሚያጭበረብር ሰው የራሱን ስም አይረሳም» ብለው መዝገቡን ፈረሙበት። የወልድያው ቦታ የኔ ነው፤ ደብዳቤው በአሥር ቀን ይደርሰኛል። ለገነት ስነግራት «ደስ ይላል» አለች። የእትዬ ውባለምን የተቀደደ ነጠላ እየጠቀመች ነበር።

ሐምሌ 9

የገነት የስፌት መኪና ዛሬ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ከወልድያ መጣ። ለእናቷ ጽፋ ያስላከችው እሷ ናት። «ምንድን ነው ይሄ?» ብላት፣ «ለጊዜው ነው» አለችኝ።

ሐምሌ 14

ዛሬ ሁለት ወሬ ደረሰ። አንደኛው በሲራጅ ራዲዮ ነው፤ አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ወጡ። ሼህ ሙሄዲን አስበው አስበው፣ «እዚያ ሰው ቢሞትባቸው ማን ይቀብርላቸዋል?» አሉ። ሁለተኛው የዝውውር ደብዳቤዬ ነው። በደረት ኪሴ ይዤው ወደ ቅሬው ስብሰባ ሄድኩ፤ ልሰናበታቸው ነበር።

መጀመሪያ ሞላ ተቀጣ። በውሸት ስለነፋ ሁለት ሸክም እንጨት ለለቅሶ ቤት። ደስ ብሎት ተቀበለ። ከዚያ ሼህ ሙሄዲን፣ «ሰኔ 28 ቅሬ ወጥቷል፤ የወጣና ያልወጣ ይለይ» አሉና የምርጫውን መዝገብ እንዳነብ አዘዙኝ። ዘጠኝ ሰው ቀርቷል። ሁለቱ አራስ ናቸው፣ ሦስቱ ታመዋል፣ ሁለቱ ሲሪንቃ ለሥራ ሄደዋል፣ አንዱ ለዘመድ ሠርግ። ስምንቱም ማሩኝ ብለው ተማሩ።

«ዘጠነኛው ማን ነው?» አሉ ሼሁ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። እዚያው ነበርኩ።»

«ጉድጓድ አፍ ቆሞ ያልቆፈረ ወጣ አይባልም። አንድ ሸክም እንጨት።»

ሲራጅ ሊረዳኝ ብሎ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ «ሼሁ፣ እሱ እኮ ሂያጅ ነው። ሂያጅ አይቀጣም» አለ።

ሼህ ሙሄዲን አዩኝ። ሁሉም አዩኝ። ገነት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች፤ እሷ አላየችኝም፣ መሬት መሬት ታያለች። «ሂያጅ ነህ?» አሉኝ ሼሁ። ደብዳቤው ደረቴ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል።

«እንጨቱ የግራር ይሁን የዋንዛ?» አልኩ።

«የግራር» አሉ። ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

ለአቶ ደሳለኝ ነገ እጽፋለሁ። ይቅርታ መጠየቂያ ቃል አላጣም፣ ጸሐፊ ነኝ። አሁን ከእንጨቱ መልስ ነው የምጽፈው፤ ትከሻዬ ተልጧል፣ እጄ ግን ምንም አልሆነ፣ ደድሯል። ለእንጨቱ ልሄድ ስል ማሰሪያ አጣሁ። ክፍሌ ውስጥ ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ ገነት ተንበርክካ የሻንጣውን ገመድ ፈታችልኝ።